የገዴራው ሰማያዊ በር

እናቴ ካሜራ አትወድም የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። ካሜራማ ነፍሷ ነው፤ የማትወደው ሥራ ቦታ ላይ መነሳት ነው። ዓርብ ጠዋት ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ተነሽ እንጂ፣ ፀሐዩ ሳይከር!» እያለች ከአልጋዬ የምትጎትተኝ እሷ ናት። ከኪርያት ማላኪ አውቶቡስ ይዘን ገዴራ እንወርዳለን። እዚያ ሰማያዊ የብረት በር ያለው፣ ሐምራዊ አበባ አጥሩ ላይ የተንዠረገገበት አንድ ቪላ አለ። የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለልቅሶ ሄደን ሳለ አየችውና ልቧ እዚያው ቀረ። በሩ ፊት ትቆማለች፣ አነሳታለሁ፣ ያላ ወደ ቤት። በሩ ሲሰለቻት ደግሞ ያቭኔ ወስዳኝ አዲሶቹ ፎቆች ፊት ትቆማለች፤ ፎቆቹን የሠራች ነው የምትመስለው።

ፎቶዎቹ የሚሄዱት ጎንደር ላለችው ታናሽ እህቷ ነው። እኛ ከዚያ ወደዚህ አገር ስንመጣ እኔ ገና የምታዘል ሕፃን ነበርኩ። አክስቴ «አንቺም በቅርቡ ትከተያለሽ» ተብላ ቀረች። ይኸው እኔ አድጌ፣ ውትድርናዬን ጨርሼ፣ ፎቶግራፍ ተምሬ ልመረቅ ስል አክስቴ አሁንም በቅርቡ ላይ ናት። እናቴ የምትፈራው አንድ ነገር ነው፤ እህቷ የእኛን ኑሮ አይታ «ዕድሜዬን የጨረስኩት ለዚህ ነው እንዴ?» እንዳትል። ታላቅ ናታ፣ መንገዱን ቀድማ የሄደችው እሷ ናት። ስለዚህ የሰው በር ትልክላታለች።

የእኛን ቤት ብትልክማ ቀለሙ የተላጠ ደረጃና ጎረቤት የሚሰማው ሳሎን ነው። እናቴ የምትሠራው ቤኤር ቱቪያ፣ አትክልት የሚያሽግ ሚፍአል ውስጥ ነው፤ ፋብሪካውን ሁላችንም ሚፍአል ነው የምንለው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ቲማቲም ትለቅማለች። ትምህርት በሌለኝ ቀን እኔም ከጎኗ ቆሜ እለቅማለሁ። የተሰነጠቀው ወዲህ፣ ደህናው ወዲያ። ጎማው፣ ያ የሚሽከረከረው ረጅም ቀበቶ፣ ቲማቲሙን ተሸክሞ ይመጣል፣ አሁንም ይመጣል፣ አያልቅም። ስተኛም ዓይኔ ላይ ይመጣል! መናሄሉ፣ አለቃችን ማለቴ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። «ትምህርቱ ካልሆነልሽ እዚህ ሙሉ ቀን ቦታ አለሽ» ይለኛል እንደ ምርቃት። እኔ ግን ያንን በሰማሁ ቁጥር ለምረቃ የቀረኝን ቀን እቆጥራለሁ። ከተመረቅኩ አንድ ቀን እንኳ አልቆምም ብዬ ምያለሁ፤ እናቴም ታውቃለች።

የመመረቂያ ሥራዬ የቤተሰቤ የየዕለት ኑሮ ነበር። ወንድሜን ከሠራዊት መጥቶ ከነቡትሱ ሶፋ ላይ እንደተዘረረ አነሳሁት። ሱቁ ደጃፍ የሚሟገቱትን ሽማግሌዎች አነሳሁ፣ ጎረቤታችንን ልብስ ስታሰጣ አነሳኋት። የእናቴ ግን ያለኝ በር ብቻ ነው። መምህሬ ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ አየችና «ይኼ የቤት ሻጭ ማስታወቂያ ነው፤ እናትሽ የታለች?» አለችኝ። ስትሠራ የሚያሳይ ካላመጣሽ አላሳልፍሽም አለች። ቆሽቴ አረረ፤ የበለጠ ያሳረረኝ ደግሞ እውነቷን መሆኑ ነው።

ለእናቴ ስነግራት አበደች። «በዚህ በራስ መረብ? በዚህ ቦት ጫማ? እህቴ ብታየኝስ?»

«እማ፣ ለትምህርት ቤት ነው። ጎንደር አይደርስም።»

«ፎቶ እግር አለው!»

ለምኜ ለምኜ እምቢ ስትለኝ አንድ ቀን ሥራ መሃል ስልኬን ቀና አደረግኩ። የበሰበሰ ቲማቲም ደረቴ ላይ ፈረጠ። «አታንሺኝ አልኩ! ማንሳት ከቻልሽበት ከዚህ ቦታ አንሺኝ!» አለች። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን እሷን ላነሳ ቀርቶ ራሴንም እንዴት ከዚያ እንደማወጣ አላውቅም።

ሰማያዊው በር ላይ ትንሽ ሰሌዳ አለች። በዕብራይስጥ «ከውሻ ተጠንቀቁ» ትላለች። እናቴ አታነብም። ኡልፓን ገብታ ቋንቋውን ጀምራው ነበር፣ የማታ ሥራ አስተዋት። እኔ ሁልጊዜ ሰሌዳዋን በእናቴ ትከሻ እጋርዳታለሁ። አንድ ዓርብ ግን «ዛሬ በሩ ሙሉው ይውጣ» ብላ ድርቅ አለች።

«እማ፣ ጽሑፉ ይታያል እኮ። ምን እንደሚል ልንገርሽ?»

«ይታያ! ጽሑፍ ያለው በር የትልቅ ሰው በር ነው። በይ አንሺ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው!»

ቤሰደር፣ እሺ ይሁን። አነሳሁ፣ ላከች።

ያን ዕለት፣ ሻባት፣ ሰንበቱ ማለቴ ነው፣ ሳይገባ፣ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ አክስቴ ደወለች። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ የአክስቴን ፊት አመጣሁት።

«እትዬ» አለች አክስቴ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ «ውሻ ገዛሽ እንዴ?»

«የምን ውሻ?»

«በርሽ ላይ ተጽፏልሳ። ካፍ፣ ላሜድ፣ ቤት። ኬሌቭ። እዚህ ቁጭ ብለን ምን እንሠራለን፣ ማንበብ አስተማሩን። አንቺ ቡችላ ስታዪ ዛፍ ላይ የምትወጭው ሴትዮ፣ ውሻ?»

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። ወደ እኔ ዞራ «ውሻ ነው የሚለው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማ።»

ስልኩን በፊቱ ደፋችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ሽንኩርቱ ነው እንዳልል መክተፉን አቁማለች። ከጠረጴዛው ላይ የአክስቴ ድምፅ «ሄሎ? እትዬ? ጠፋሽብኝ!» ይላል። አንጀቴን በላችው። ብዙ ጊዜ ቆሽቴን ያሳረረኝ ያ በር ያን ሰዓት እውነት በሆነላት ብዬ ተመኘሁ። መጨረሻ ላይ ራሷ ስልኩን አነሳችው።

«የሰው በር ነው» አለች። «ውሻውም የሰው ነው።»

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለች አክስቴ። «በር መች ጠየቅኩሽ? ስንት ዓመት ሙሉ በር ስታሳዪኝ፣ ልጅቱ ታማ ይሆን፣ አንቺ ታስረሽ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ቲማቲም እለቅማለሁ። ቆሜ።»

«ምን ለብሰሽ?»

«ነጭ ካፖርት። ራሴ ላይ መረብ። ቦት ጫማ።»

«እሱን ላኪልኝ» አለች አክስቴ። «ስመጣ የምለብሰውን ልወቀው።»

እሑድ ጠዋት፣ የሥራው ሳምንት ሲጀምር፣ እናቴ ከመናሄሉ ዘንድ ገብታ በምታውቃት ዕብራይስጥ ስለ ፎቶው አስፈቀደች። «ያላ፣ ቶሎ በሉ» አለን። ጎማው ገና አልተነሳም ነበር። እናቴ ቦታዋ ላይ ቆመች፣ መረቡን እስከ ግንባሯ ሳበች፣ እጆቿን ቲማቲሙ ላይ አደረገች። «በይ አንሺኝ» አለችኝ። እንደ በሩ ጊዜ ደረቷን አልነፋችም፣ አልሳቀችም። ዓይኗን ካሜራው ላይ ተክላ ቆመች። አነሳኋት።

ያንን ፎቶ መምህሬ ከጠረጴዛው አንስታ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ከእናቴ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ፣ እኔ የምቆምበትን፣ በጣቷ እየነካች «ይኼ ነው የወደድኩት» አለች። አሳለፈችኝ። በደስታ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች።

ሚፍአል ስደርስ የምሳ ሰዓት ነበር። ልሰናበት ነው የሄድኩት። እናቴ የአክስቴን የድምፅ መልእክት ለሴቶቹ ሁሉ እያሰማች ነው። «እትዬ፣ እንዴት አምሮብሻል! ከጎንሽ ያለው ባዶ ቦታ የማን ነው? ሰው ከሌለበት ያዥልኝ። አደራ፣ ለሌላ እንዳትሰጪብኝ!»

ሴቶቹ ሳቁ፣ አንዷ ዓይኗን ጠረገች። እናቴ ግን ቀልድ አልመሰላትም። እጄን ይዛ እየጎተተች መናሄሉ ፊት አቆመችኝ። ፎቶ ማስፈቀድ ላይ የበቃችው ዕብራይስጥ ለዚህ አልበቃትም።

«ንገሪው» አለችኝ። «እህቴ በቅርቡ ትመጣለች። ከጎኔ ያለውን ቦታ ይያዝልኝ በይው።»

ነገርኩት። መናሄሉ ራሱን አከከ። ጎማው ባዶ ቦታ አያውቅም አለ፤ እስከዚያ የሚቆምበት ሰው ካለ እህትየው እስክትመጣ ቦታው ይቆያል፣ ከሌለ ነገውኑ ሌላ ሰው አስገባለሁ አለ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ።

ልዋሻት አማረኝ። ቋንቋው በእጄ ነው፣ ማን ያውቅብኛል? ግን ፊቷ ላይ ያ የፎቶው ዓይን ነበር። ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት።

መረቧን አስተካከለች። መሰናበቴን ታውቃለች፤ በአፏ አልጠየቀችኝም። «እስክትመጣ ብቻ እኮ ነው፣ ልጄ» አለችና አቀረቀረች። «በቅርቡ ነው ብለዋታል።»

መናሄሉ ሰዓቱን እያየ መልሳችንን ጠበቀ። ካሜራዬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ በዕብራይስጥ «ሰው አለ» አልኩት።