የሚያነክሰው ጅብ

ለልጆች ተረት መጻፍ የጀመርኩት የራሴ ልጆች አድገው እኔን መስማት ካቆሙ በኋላ ነው። አዲስ ነገር አልፈጥርም። ጦጣ ጅብን ስታታልል፣ ጥንቸል ከአንበሳ ስታመልጥ፣ ሁላችንም በልጅነታችን የሰማነውን ነው መልሼ የምጽፈው። መጽሐፍ ሲወጣልኝ አዳማና አካባቢዋ ያሉ ትምህርት ቤቶች ይጠሩኛል፤ ሄጄ እተርካለሁ።

ስተርክ አልቀመጥም። ጦጣዋን ስሆን ብብቴን አካለሁ፤ ጅቡን ስሆን ደግሞ ቀኝ እግሬን እየጎተትኩ ክፍሉን እዞረዋለሁ። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሠዓሊውንም ጅቡን እያነከሰ እንዲስለው የነገርኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ጠራኝ። ሦስተኛ ክፍሎች ነበሩ። የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀት አናት ያቃጥላል፤ ልጆቹ ግን ግድ አልሰጣቸውም። ፊት ዴስክ ላይ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ነበረች፤ ጦጣዋ ቀጥላ ምን እንደምታደርግ ከእኔ ቀድማ ትናገራለች። ወደድኳት። ለእሷ ብቻ የማወራ እስኪመስል ድረስ ዓይኔን ከእሷ አላነሣሁም። ጅቡን ሆኜ መዞር ስጀምር ሳቋን አቆመች። የደከማት መሰለኝ።

ደወል ተደውሎ ሲወጡ ልጅቷ ከዴስኳ ተነሣች። አንዱ እግሯ ከሌላው ያጠረ ነው። በረንዳው ላይ ልጆች ከኋላዋ ተሰልፈው፣ ልክ እኔ እንዳደረግኩት እግራቸውን እየጎተቱ ይከተሏት ጀመር። «ጅቦ! ጅቦ!» ይሏታል። ዞር ብላ አላየቻቸውም። እኔ ግን ሁሉንም አየሁ። የጠራሁት ባጃጅ በሩ ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀኛል። መምህራቸው ትቆጣቸዋለች አልኩና ገብቼ ሄድኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መምህሯ ደወለችልኝ። ልጅቷ ትምህርት አቁማለች፤ እናትየዋን አብረን ሄደን ብናነጋግር ምን ይመስልዎታል አለችኝ። በድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ቤታቸው ከሸንኮራ አገዳው ማሳ አጠገብ፣ ሠራተኞች የሚኖሩበት ሰፈር ውስጥ ነው። እናትየዋ «አካም ጅርቱ» ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ፤ ሱቅ ልካም ለስላሳ አስመጣችልን። መምህሯ የተረት ጸሐፊ ናቸው ብላ ብቻ ስላስተዋወቀችኝ፣ ሴትየዋ ልጄን ሊያበረታቱልኝ መጡ ብላ ደስ ብሏታል። ለስላሳውን ሳልነካው ነገሩን ራሴ ነገርኳት። ጅቡን እንደዚያ ያስኬድኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ልጆቹ ሲከተሏትም አይቼ ዝም ብዬ እንደሄድኩ ነገርኳት።

ሴትየዋ ወደ በሩ ተመለከተች። «ጠዋት ጠዋት ጫማዋን ይዛ በር ላይ ትቀመጣለች» አለችኝ። «አታደርገውም። ዝም ብላ ይዛው ትቀመጣለች።»

ልጅቷ ከጓዳ ወጣች። ይቅርታ ጠየቅኋት። ይቅርታዬን እንደሰማች እንኳ አላስታወቀችኝም፤ ሌላ ነገር ነበር የምትፈልገው።

«ጅቡ ለምንድነው የሚያነክሰው?» አለችኝ። «ተረቱ ላይ እኮ ማንም አልመታውም።»

ለትልቅ ሰው ቢሆን መልስ አላጣም ነበር፤ ጅብ ሲሄድ የኋላ እግሩ ያጠረ ይመስላል ምናምን እል ነበር። ለእሷ ግን ይህን ማለት አቃተኝ።

«እኔ ነኝ የጨመርኩበት» አልኳት። «ልጆች እንዲስቁ ብዬ።»

ራሷን ነቀነቀች። ጦጣዋንስ እኔ ጨምሬያት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እሷ ከጥንትም የነበረች ናት አልኳት። ከዚያ ተመልሳ ወደ ጓዳ ገባች።

መምህሯን አስፈቅጄ ወደዚያው ክፍል ተመለስኩ። ያንኑ ተረት፣ ጅቡን ቀጥ አድርጌ እያስኬድኩ ነገርኳቸው። መሀል ላይ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ረሱት። ያነክሳል እኮ» አለኝ። ሌሎቹ ደግሞ እንዴት እንደሆነ ሊያሳዩኝ ተነሡ። አስቀመጥኳቸው። ጅቡ እንደማያነክስ፣ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ አስረዳኋቸው። በጨዋነት አዳመጡኝ፤ ነገር ግን ጨዋታ ያበላሸ ሰው በሚታይበት አስተያየት ነበር ያዩኝ። የፊቱ ዴስክ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጦበታል።

ከዚያ በኋላ እናትየዋ ልጅቷን ቢሾፍቱ ካለች እህቷ ዘንድ ላከቻት፤ እዚያ ትማራለች። ለእናትየዋ ስደውል ጓደኞች አፍርታለች ትለኛለች። እውነት ይሁን እኔን ለማጽናናት ትበለው አላውቅም፤ ደጋግሜ መጠየቅም አፈርኩ። መጽሐፉ ሁለተኛ ሲታተም ሥዕሉን አስቀየርኩት። የመጀመሪያው ግን በየሰው ቤት አለ።

በቅርቡ አዳማ ውስጥ በተዘጋጀ የመጽሐፍ ባዛር ላይ አንድ አባት ትንሽ ልጁን ይዞ መጣና ያንን የፊተኛውን መጽሐፍ እንድፈርምለት ሰጠኝ። ገጾቹ ከመገለጥ ብዛት ላልተዋል። ልጁ በየማታው የጅቡን አካሄድ ካላሳየኸኝ እያለ እንደሚያስቸግረው ነገረኝ። ዛሬ ግን የተረቱ ባለቤት ራሷ ታሳየው አለና ሳቀ። አሁን አሁን እንደማላደርገው ነገርኩት። እግሬን አየት አደረገ።

«ጉልበትዎን ነው እንዴ?» አለኝ በሐዘኔታ።

ልጁ ቀና ብሎ እያየኝ ነበር። ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር።

«አዎ፣ ጉልበቴን» አልኩት።

ከጎኔ ካለው ድንኳን ወንበር ለምኖ አመጣልኝ። አመስግኜው ተቀመጥኩ።