ፈረንጆች «የሰረቁኝ» ድርሰት

ሰበታ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የነበረኝ ኮት አንድ ነው፤ ጉራዬ ግን ለሦስት ሰው ይበቃ ነበር። አንድ ፈረንጅ አስተማሪ አገሩ ሲገባ ጥሎት ከሄደው የመጽሔት ክምር ውስጥ አንድ አጭር ልብ ወለድ አገኘሁ። አንድ ሰዓት ጠጋኝ ነገን የሚያሳይ መስታወት ይሠራል፤ በየቀኑ የነገውን ያያል፤ አንድ ቀን ግን መስታወቱ ባዶ ይሆንበታል። ከዚያስ? የመጨረሻውን ገጽ አይጥ በልቶታል። መጨረሻውን እኔው ፈጠርኩለት፤ ሚስቱ መስታወቱን ጎተራ ውስጥ፣ ገብስ ስር ቀብራ፣ «ነገን ስትደርስበት ታየዋለህ፤ አሁን ራትህን ብላ» ትለዋለች።

ይህንን በማኅበር ቀን አንድ አዛውንት ገበሬ ቤት አወራሁ። ከተማው ሁሉ «ኦቦ» እያለ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። የእኔ ዓይን ግን ጤና ጣቢያ የምትሠራው ልጃቸው ላይ ነበር፤ ሽማግሌ ልልክ ቀን እየቆጠርኩ ነው። ታሪኩን ስጨርስ ኦቦ «ማነው የጻፈው?» አሉ። እሷም ጠላ እየቀዳች ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔ ነኛ!» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ከዚያ ወዲህ «ደራሲው» ተባልኩ። አካሄዴ ራሱ ተቀየረ፤ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መንጎራደድ ጀመርኩ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ የቆዳ ነጋዴው፣ ከአዲስ አበባ እያለከለከ መጣ። ሲኒማ ቤት ገብቶ ኖሯል። «ጉድ ፈላ! ፈረንጆቹ የአስተማሪያችንን ታሪክ ሰርቀው ፊልም ሠሩበት! መስታወቱም አለ፣ ሰዓት ጠጋኙም አለ!» አለ። ያኔ እውነቱን ብናገር ስቀው ይተውኝ ነበር። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ግንባሬን ቋጥሬ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አልኩ።

ኦቦ ተቆጡ። «አገሩ ንጉሥ የሌለው መሰላቸው እንዴ!» አሉ፤ ማኅበሩም ለጃንሆይ አቤቱታ እንዲቀርብ ወሰነ። ማስረጃ እንዲሆን ልጃቸው ታሪኩን እኔ እየነገርኳት በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ ሦስት እሁድ ሙሉ ጻፈችው። በየመሀሉ «ይኼን እንዴት አሰብከው?» ትለኛለች። እኔም ሰማይ ሰማዩን እያየሁ «እንዲሁ ይመጣልኛል» እላለሁ። ሰባት ሽማግሌዎች አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

አቤቱታውን ይዘን አዲስ አበባ የሄድነው እኔና ኦቦ ነን። «ሳላይ አልመሰክርም» ስላሉ መጀመሪያ ሲኒማ ቤት ገባን። ፊልሙ ሲያልቅ መስታወቱ ጨለመ፣ ሰውዬው ብቻውን ቀረ፣ መብራት በራ። ኦቦ ብድግ ብለው «ጎተራውስ?» ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«መስረቃቸው አንሶ አበላሹት! ጃንሆይ ፊት መስቀል ይዤ እምላለሁ፤ የዚህ የልጄ ሥራ ነው ብዬ!» አሉ።

ልጄ አሉኝ እኮ! እኒህን ሰው በሐሰት ላስምል? ብናገር ልጅቷን ማጣቴ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ እሳቸውን ማዋረዴ ነው። በሩ ላይ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

«ዱጋ?» አሉኝ፣ ባፍ መፍቻ ኦሮምኛቸው።

«እውነቴን ነው፣ አባቴ።»

አቤቱታውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። እኔን ከኋላቸው አስቀርተው ወደ ሰበታ መንገድ ጀመሩ።

በሚቀጥለው የማኅበር ቀን እንደ ደንቡ ድንጋይ ጫንቃዬ ላይ ተሸክሜ ደጃቸው ተንበረከክሁ፤ ውሸቴንም በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት ተናገርኩ። ለይቅርታም ጉረኛ ነኝና ትልቁን ድንጋይ ነበር የመረጥኩት፤ ወገቤ ሊቀነጠስ ደረሰ። ኦቦ ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች አይተው «ጎተራውም የፈረንጅ ነው?» አሉ።

«የለም፣ እሱስ የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው።

ድንጋዩን አውርጄ እፎይ ልል ስል ልጅቷ ከበሩ ብቅ አለች። የጻፈችውን ወረቀት ይዛለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «የእነሱ ጣታቸው ነው የቆሸሸው፤ እኔን ግን ሦስት እሁድ ሙሉ ፊት ለፊት እያየኸኝ ነው የዋሸኸኝ። እኔን ማን ይቅርታ ጠየቀኝ?» አለች።

አፈርኩ። ድንጋዩን መልሼ አነሳሁት። ማኅበርተኛው በልቶ ጠጥቶ እስኪነሳ ድረስ እዚያው እንደተንበረከክሁ አቆየችኝ።

ይኸው ዛሬ ድንጋዩ የእኔና የእሷ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። እንግዳ ፊት ወሬ ማሳመር ስጀምር በአገጯ ወደዚያ ታሳየኛለች።