የሙሴ ፓንዴሊ ጎዶሎ አኮርዲዮን

በዚያ ዘመን ጂንካ ውስጥ ሙሴ ፓንዴሊን የማያውቅ ሰው ቢገኝ፣ ትናንት በጭነት መኪና የገባ እንግዳ ብቻ ነው። ሙሴ ግሪክ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አጎቱን ተከትሎ ከአንዲት ደሴት ድሬዳዋ መጣ። አጎቱ ሱቅ ጠባቂ ሊያደርገው ነበር ያመጣው፤ እሱ ግን የአባቱን አኮርዲዮን አንግቶ ከባር ባር መዞር ጀመረ። አዲስ አበባም ገብቶ በየምሽት ክበቡ ተጫውቷል። ዋና ተጫዋች ሆኖ ግን አያውቅም። ቫዮሊን የሚመታው ሲታመም፣ ክላርኔት የሚነፋው ሲሰክር «ፓንዴሊን ጥሩት» ይባላል፤ ይመጣና የጎደለውን በአኮርዲዮኑ ይሞላል። እንጀራው ይኸው ነበር፣ የሰው ጎዶሎ መሙላት።

ጂንካ የመጣው በስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ለአንድ ነጋዴ ሠርግ፣ ለሦስት ቀን ነበር። ዝናቡ ወይጦ ወንዝ ላይ መንገዱን ቆረጠውና ሁለት ወር ተቀመጠ። ሁለት ወር ሙሉ ዘሪቱ ጠጅ ቤት ሲበላ ሲጠጣ ሰነበተ፤ መንገዱ ሲከፈት መሄዱን ረስቶ ከዘሪቱ ጋር መኖር ጀመረ። ዘሪቱ ምላሷ የማይቻል ሴት ናት። «ሦስት ቀን ብሎ መጥቶ ይኸው ተጎለተብኝ» ትላለች ላገኘችው ሁሉ፤ ስትለው ግን ደስ እያላት ነው። ሙሴን አማርኛ ያስተማሩት የባር ሴቶች ስለነበሩ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚለው። ከተማው ለመደለት።

አብዮቱ ሲመጣ ሌሎቹ ግሪኮች ወፍጯቸውና ሱቃቸው ተወርሶ ወዳገራቸው ገቡ። ከሙሴ የሚወረስ ነገር ጠፋ። ንብረት ሊመዘግብ የመጣው የቀበሌ ዘበኛ አኮርዲዮኑን አይቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሙሴ ሲጫወትለት እስክስታውን አስነክቶት ሳይመዘግብ ሄደ።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ግን ወልደሰማያት የሚባል ካድሬ ተሹሞ መጣ። ስሙ ውስጥ ያለው ሰማይ ከሥራው ጋር አልሄድ ስላለው «ጓድ ወልዴ በሉኝ» ይል ነበር። ይህ ሰው ሙሴን ጠርቶ የኪነት ቡድን አሠልጣኝ አደረገው። እምቢ ማለት የለም፤ የሙሴ የመኖሪያ ፈቃድ በየዓመቱ የሚታደሰው ጓድ ወልዴ በሚጽፈው ደብዳቤ ነው።

ለመስከረም ሁለት በዓል ከክፍለ ሀገር እንግዶች በአውሮፕላን ይመጣሉ ተባለ። ጓድ ወልዴም «የአሪ ብሔረሰብ የዋሽንት ጨዋታ» የሚል ያለበት ፕሮግራም በታይፕ አስመትቶ ወደ ላይ ላከ። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

ያ ጨዋታ አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው አይደለም። እያንዳንዱ ሰው አንድ የሸምበቆ ዋሽንት ይይዛል፤ ከዚያች ዋሽንት የምትወጣው አንዲት ድምፅ ብቻ ናት። ተራው ሲደርስ ይነፋል፣ ከዚያ ለጎረቤቱ ይለቃል። ዜማው የሚወጣው ከሁሉም ነው። የቡድኑ መሪ የሽማግሌው የአቶ ዳርጌ መንደር ደግሞ የራሱ ደንብ ነበረው፤ ባለቤቱ በሕይወት እያለ ድምፁን ሌላ ሰው አይነፋለትም። ተነፋለት ማለት ሞተ፣ ተቀበረ ማለት ነው።

የዳርጌ ልጅ አንጁሎ ጌታን ተቀብያለሁ ብሎ ዋሽንቱን ለአባቱ ከመለሰ አራት ዓመት ሆኖታል። አባትየው ተቆጣ፣ አኮረፈ፤ ዋሽንቷን ግን በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ከጣሪያው ሥር ሰቀላት። አራት ዓመት ሙሉ የአንጁሎ ተራ ሲደርስ ሁሉም ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። በነሐሴ መጨረሻ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት በመንግሥት ታሽጎ ሳለ አንጁሎ እቤቱ ሰው ሰብስቦ ሲጸልይ ተያዘ። እንግዶቹን የሚያመጣው አውሮፕላን ሲመለስ ሦስት እስረኞች ይዞ እንደሚሄድ ተሰማ፤ አንዱ አንጁሎ ነው። ከዚያ በፊት በዚያ መንገድ የሄዱት እስከዛሬ ወሬያቸው አልተሰማም።

ዳርጌ ሙሴን ጓሮ ወሰደው። «ሙሴ፣ ልምምዱን ካድሬው ሊያይ ይመጣል። ጎዶሎውን ይስማ። ያኔ አንተ ‹ያለ አንጁሎ አይሆንም› በለው። ፈረንጅ ነህ፣ አሠልጣኝ ነህ፣ ያምንሃል።»

«እነግራታለሁ» አለ ሙሴ። ካድሬውን ማለቱ ነው።

ጳጉሜ አንድ ቀን በቀበሌው አዳራሽ ልምምዱ ተጀመረ። ጓድ ወልዴ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ዜማው እየዞረ አንጁሎ ቦታ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። ካድሬው ግንባሩን ቋጠረ። «ይሄ ነገር መሀል ላይ ለምን ይቆማል?» አለ። ዳርጌ ወደ ሙሴ አየ። ሁለተኛው ዙር ተጀምሮ ነበር፤ ሙሴ አኮርዲዮኑን ደረቱ ላይ እንደያዘ የሚናገረውን በልቡ ያሰናዳል። ያቺ ቦታ ስትደርስ ጣቱ ሳያዘው ሄደ። ሠላሳ ዓመት ጎዶሎ ሲሞላ የኖረ ጣት ነው፤ ቁልፏን ተጫነ። ድምጿ ጥርት ብላ ወጣች።

ጓድ ወልዴ አጨበጨበ። «አሁን ተስተካከለ። አያችሁ፣ ጓድ ፓንዴሊ ሞላው።»

ዋሽንቶቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ዳርጌ የራሱን ዋሽንት ከአፉ አወረደ። ከአዳራሹ ሲወጡ ለሙሴ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ልጄን ቀበርከው» አለ።

ሙሴ ቤቱ ገብቶ የሆነውን ሲናገር ዘሪቱ አላዘነችለትም። «ዕድሜ ልክህን የሰው ቦታ ስትሞላ ኖረህ፣ ለአንድ ቀን እጅህን ብትሰበስብ ምን ነበረበት?» አለችው። ምግብ አልበላም። በማግሥቱ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ በቀትር በሩን ዘግቶ አኮርዲዮኑን ጠረጴዛ ላይ ፈታው። እያንዳንዷ ድምፅ ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሏት፤ የአንጁሎ ድምፅ አራት አላት። ቢነቅላቸውና ቢደብቃቸው ኋላ ሊመልሳቸው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ካድሬው ቤቱን ያስፈትሻል፤ ምላሶቹ በደህናቸው ከተገኙ አለቀለት። ፒንሳ አነሣ። አባቱ ይህን አኮርዲዮን ለመግዛት ጀልባውን ሸጧል። አንደኛዋን ቀነጠሰ፣ ሁለተኛዋን ቀነጠሰ። ሦስተኛዋ ላይ አውራ ጣቱን ቆረጠው፤ ያን ጊዜ አለቀሰ። አራተኛዋን እያለቀሰ ሰበራት።

ጳጉሜ ሦስት ቀን ካድሬው ቢሮ ቀረበ። «ጓድ ወልዴ፣ አንቺ ይቅርታ አድርጊልኝ። ያቺ ድምፅ ሞታለች። ያለ ባለቤቷ፣ ያለ አንጁሎ የሚነፋት የለም።»

«ከትናንት ወዲያ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።»

«ሰምተሻል። አሁን ግን አየር ብቻ ናት።» ሙሴ ቁልፏን ተጫነ። ፉ አለች።

ጓድ ወልዴ ሙዚቃ ቢያውቅ ኖሮ «ያችኑ ድምፅ በቀጭኑ፣ ከላይኛው ቁልፍ ውሰዳት» ይለውና ነገሩ ያበቃ ነበር። አያውቅም። ሰው ግን ያውቃል። «ሐቢብን ጥሩት» አለ። ሐቢብ የመኪና መካኒክ ነው። «በአብዮቱ ላይ አሻጥር እየሠራህ ከሆነ አንተም በዚያው አውሮፕላን ትሄዳለህ» ሲል ለሙሴ ነገረው፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ሐቢብ በግራሶ የተለወሰ እጁን በቱታው እየጠረገ መጣ። አኮርዲዮኑን ከፈተ፤ ጎንበስ ብሎ አየ። የከረመ ስብራት ይጠቁራል፣ አዲስ ስብራት ያብረቀርቃል፤ ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም። ብረቱን አየ፣ ቀጥሎ በጨርቅ የታሰረውን የሙሴን አውራ ጣት አየ።

«እህ?» አለ ካድሬው።

ሐቢብ ግራሶ ያለበትን ጣቱን በስብራቱ ላይ አለፍ አደረገው። «ብረቱ ደክሞ ነው። መለዋወጫው እዚህ የለም። አስመራም ብትሄዱ አታገኙም» አለና ዘጋው።

ጓድ ወልዴ በታይፕ የተመታውን ፕሮግራም አንሥቶ አነበበው፣ አስቀመጠው። የላከውን መሰረዝ አይችልም። «እሺ። ሰውየው ከእስር ይመጣል። ከነፋ ቤቱ ይገባል። ካልነፋ አውሮፕላኑ ላይ ይወጣል። አንተም ሻንጣህን አዘጋጅ» አለ።

ሙሴ በጳጉሜ አምስት አንጁሎን ሊያይ ሄደ። አንጁሎ ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል።

«ሙሴ፣ እኔ ያ ነገር ትቼዋለሁ» አለ። «ጌታን ስቀበል ተውኩ።»

«አንዲት ድምፅ ናት። አንዲት ድምፅ ኃጢአት ትሆናለች?»

«ብቻዋን ምንም አይደለችም። ከሌሎቹ ጋር ነው ዘፈን የምትሆን።»

«እንግዲያው አንቺ ብቻሽን ንፊ። መዝፈኑን ለነሱ ተዪላቸው።»

አንጁሎ ትንሽ ፈገግ አለ፤ ራሱን ግን ነቀነቀ። ሙሴ ስለተሰበረው አኮርዲዮን አልነገረውም። አንደበቱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ሰውየው እምነቱን ለእሱ ሲል እንዲሸጥ ማድረግ ነውር መሰለውና ዋጠው። እቤቱ ሲገባ ዘሪቱ በእርግጥ ሻንጣ አዘጋጅታ አገኛት፤ ሁለት ሸሚዝና ሹራብ። እያዘጋጀች ትሳደባለች።

መስከረም ሁለት ከተማው በሙሉ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ወጣ። ላሞቹ ተባረሩ፣ አውሮፕላኑ አረፈ፣ እንግዶቹ ዳሱ ሥር ተቀመጡ። የአውሮፕላኑ በር አልተዘጋም። ሁለቱ እስረኞች በክንፉ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛውን ከገመድ ፈትተው ዋሽንት ነፊዎቹ መሀል አቆሙት። ዳርጌ የእንሰት ቅጠሉን ገልጦ ዋሽንቷን ለልጁ ሰጠው። አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም፤ አሁንም አልተነጋገሩም።

ዜማው ተጀመረ። ዞረ፣ ዞረ፣ አንጁሎ ዘንድ ደረሰ። ዝም አለ። ሁለተኛው ዙር መጣ፤ አንጁሎ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ እየጸለየ ነበር። ጓድ ወልዴ ወደ ዘበኞቹ ዞሮ ተመለከተ። በሦስተኛው ዙር ዳርጌ የራሱ ተራ ሲደርስ ዋሽንቱን ከአፉ አውርዶ አንገቱን ደፋ። የቡድኑ ትልቋ ድምፅ ጠፋች፤ የቀሩት ተደነባበሩ፣ ዜማው ሊፈርስ ሆነ። አንጁሎ ዓይኑን ገልጦ የአባቱን ዝምታ አየ። የራሱን ዝምታ አራት ዓመት ችሎታል፤ የአባቱን ግን አልቻለም። ዋሽንቷን አነሣና ነፋ። ዳርጌ ቀና ብሎ መለሰለት፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ሙሉው ዜማ ከአራት ዓመት በኋላ ጂንካ ላይ ተሰማ። ሙሴ አንዲትም ቁልፍ አልነካም።

ዋናው እንግዳ ተነሥቶ የነፊዎቹን እጅ አንድ በአንድ ጨበጠ፤ የአንጁሎንም ጨበጠ። ከዚያ በኋላ ጓድ ወልዴ ያንን ሰው እንዴት ብሎ ያስጭነው። አውሮፕላኑ ሁለቱን ይዞ ሄደ። የእነሱን ስም የሚያነሣ ዛሬም አለ፤ የነሱን ድምፅ የሚፈልግ ፕሮግራም ግን አልነበረም፤ ይህ ሙሴን እስከ መጨረሻው ቆጠቆጠው።

አንጁሎ በማግሥቱ ዋሽንቷን መልሶ ለአባቱ ሰጠና ወደ እርሻው ገባ። የሙሴ አኮርዲዮን ጎዶሎ ሆኖ ቀረ። ጠጅ ቤቱ ሲጫወት ያቺ ቦታ ስትደርስ ሙሴ ቅንድቡን ያነሣል፣ ጠጪዎቹ በአንድ ላይ «ኡ» ብለው ይሞሉለታል፤ ዘሪቱ ከጓዳ «እንደ በሬ አታጓሩ» ትላለች። ከተማው ሁሉ ያንን ጎዶሎ በቃሉ ያውቀዋል። አንጁሎ ብቻ አያውቅም፤ ጴንጤ ጠጅ ቤት አይገባም።

በሰማንያ ሦስት ሰኔ ላይ መንግሥት ተቀይሮ የጸሎት ቤቱ እሽግ ተነሣ። ዳርጌ ሞቷል፣ ጓድ ወልዴ የገባበት አይታወቅም። አንጁሎ ጠጅ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ሳይገባ ቆመ። «ሙሴ፣ እሁድ ጸሎት ቤታችን ይከፈታል። መዝሙር የሚያጅብ የለንም። አኮርዲዮንህን ይዘህ ና።»

«ጎዶሎ ናት። ታሳፍርሻለች።»

«ምን ጎደላት?»

ሙሴ ቁልፏን ተጫነ፤ ፉ አለች። ከላይዋ ያለችውን አሰማው፣ ከታችዋ ያለችውን አሰማው፣ ከዚያ እንደገና ባዶዋን። አንጁሎ የድምፁን ጎረቤቶች ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል።

«ይቺ የኔ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «መቼ ነው የሄደች?»

ዘሪቱ አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረውን ምስጢር ከዚያ ወዲያ መያዝ አልቻለችም። «አንተ ታስረህ ሳለ በፒንሳ ቀነጣጠሳት። ቦታህን እንዳይሞላብህ» አለችው። አንጁሎ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከዚያ ሄደ።

እሁድ ዕለት ጸሎት ቤቱ ሞልቷል። ሙሴ ፊት አግዳሚ ላይ አኮርዲዮኑን ይዞ ተቀምጧል፤ ሽበቱን አበጥሯል። አንጁሎ በመሀል መንገዱ ሲመጣ በእጁ ጭስ ያጠቆራትን ዋሽንት ይዟል።

«ወንድም አንጁሎ፣ እሷን ትተናት የለም ወይ?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«የኔ አይደለችም» አለ አንጁሎ። «የሙሴ ናት። እኔ ይዤለት ነው።»

ከጎኑ ተቀመጠ። መዝሙሩ ተጀመረ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ሙሴ እንደ ልማዱ ባዶዋን ቁልፍ ተጫነ፤ ድምጿ ከጎኑ ወጣች። ሙሴ መዝሙሩ እስኪያልቅ ድረስ ቀና ብሎ አላየውም።