ታክሲ ውስጥ የጨቀጨቅኳት ነፍሰ ጡር

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ታክሲ ውስጥ "ንፋስ መታኝ" እያለ መስኮት የሚያዘጋ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። አንድ ቀን ከቃሊቲ ስሳፈር፣ እስከ ዓይኗ በጋቢ የተጠቀለለች ነፍሰ ጡር አጠገቤ ተቀመጠች። መስኮቱን ከፈትኩ። በላዬ ተንጠራርታ ዘጋችው። ደግሜ ከፈትኩ፤ ደግማ ዘጋችው።

"የኔ እናት፣ ንፋስ አይገድልም! እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ" አልኳት።

"ሲክል ሴል የሚባል የደም ሕመም አለብኝ" አለች ረጋ ብላ። "ብርድ ሲመታኝ አጥንቴ ድረስ ያመኛል፤ ለፅንሱም አደጋ ነው ተብያለሁ።"

አፈርኩ። "ጎሽ፣ ማነው እንዲህ አድርጎ የመከረሽ?"

ጋቢውን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ሳቀች።

"እርስዎ ነዎት፣ ሲስተር። ማንም ቢጨቀጭቅሽ እንዳትሰሚ ያሉኝም እርስዎ ነዎት።"