ከጥንቱ መቃብር የመጣችው ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት በቁስቋም በኩል ሳልፍ ግንበኞች ድንጋይ ይጠርቡ ነበር። የብናኙ ሽታ አባቴ መካነ ብርሃን ላይ ቤት ወደሠራበት በጋ ወሰደኝ።

ከሰፈራችን በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ማን እንደኖረበት የማይታወቅ የጥንት መንደር ፍርስራሽ አለ። አባቴ ፍርስራሹ ውስጥ ካለ መቃብር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በበቅሎ ጭኖ አመጣ። ለበሩ ደፍ ልክክ የሚል ሸጋ ድንጋይ ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን የተቀረጸ ነገር ነበረው።

ዓይናቸው የደከመው የአባቴ አጎት አያ ገብሬ ቅርጹን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህ የአንገት ድሪ ነው» አሉ። «ሴት ናት። ምነው ልጄ፣ በየቀኑ ልትረግጣት ነው?»

«አያ፣ ስም እንኳ የላት፣ ዘመድ የላት። ማን ይጠይቀኛል?»

«እኔ እጠይቅሃለሁ።»

አባቴ ለማንም አንገቱን የማይደፋ ሰው ነበር። ያን ዕለት ግን መሮውን አስቀመጠ። ከዚያ ድንጋዩን መልሶ ጫነ፤ እኔም በቅሎዋን እየሳብሁ አብሬው ወጣሁ። ኮረብታው ላይ ስንደርስ ግን የነቀለበትን ቦታ ከብት ረጋግጦት መለየት አቃተው። ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ፊቷን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሮ አቆማት። ሥሯን በአፈር እየጠቀጠቀ፣ «እናቴ፣ ይቅር በይኝ» አላት። ድምፁ እንዲያ ሲለሰልስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ቁስቋም ላይ ቆሜ መቅረቴን ያየ አንድ ግንበኛ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ምነው እህቴ፣ ሰው ፈልገሽ ነው?»

«አዎ» አልሁት። «ስሟን ግን አላውቀውም።»