አሥራ አራት ዓመት የሠራሁበት ቤት

ሁለት ነገር እወዳለሁ፤ መጽሐፍና የስልክ ጌም። ጎረቤቶቼ አንዱንም አያውቁብኝም። የአርባ ዓመት ሴት፣ ያውም የልጅ እናት፣ ሶፋ ላይ ተጋድማ ስትታኮስ ትውላለች ቢባል ሰፈራችን ማዓላ በሙሉ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቁ! እኔ ወላሂ ጎበዝ ነኝ። መቶ ሰው በፓራሹት ደሴት ላይ ወርዶ እርስ በርሱ ሲጨራረስ፣ መጨረሻ ላይ ከሚተርፉት አንዷ እኔ ነኝ።

ልጄንም ያስተማርኳት እኔው ነኝ። መብራት ሲኖር ኔት ስለሚኖር ጎን ለጎን ተቀምጠን እንጫወታለን። ሲጠፋ ደግሞ ንፋስ ፍለጋ መስኮቱ ሥር እንሄድና ከአገር ቤት ካመጣኋቸው መጻሕፍት አንዱን አነብላታለሁ። ፊደል የቆጠረችው በነዚያው መጻሕፍት ላይ ነው፣ በጣቷ እየነካች። አባቷ እዚሁ ዐደን የተወለደ ነው፤ አባቱ የመናዊ፣ እናቱ ሐበሻ። ልጄ መልኳ ወደ እሱ ያደላል፣ ቀይ ናት፤ ዐረብኛዋም የዐደን ልጅ ዐረብኛ ነው። የእኔ ግን፣ ሙሽራ ሆኜ ከኮምቦልቻ ከመጣሁ ይኸው ስንት ዘመኔ፣ አፌን ስከፍት አሁንም ያሳብቅብኛል።

ዐምና ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጋር የጌም ቡድን መሠረተች። ቡድን አራት ሰው ይፈልጋል፣ አራተኛዋ እኔ ሆንኩ። «እማ፣ ማይክሽን ዝጊው እሺ?» አለችኝ። ልጆቹ ያፍሩ ይሆናል ብዬ ዘጋሁ። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ስንጫወት፣ አንዱ ከኋላዋ አድፍጦ ሲያነጣጥርባት አየሁ። ራሴን ረሳሁ። ማይኩን ከፍቼ በዐረብኛ «ከኋላሽ ነው! ተኚ!» ብዬ ጮህኩ። ተኛች፤ ሰውየውን እኔ ጣልኩት፤ አሸነፍን።

«ይቺ ደግሞ ማናት? ሐበሻ ናት እንዴ?» አለች አንደኛዋ ልጅ በስልኩ ውስጥ።

ልጄ አጠገቤ ናት፣ ጉልበቷ ጉልበቴን ይነካል። ዞር ብላም አላየችኝ።

«ሸጋላችን ናት» አለች።

ሸጋላ የቤት ሠራተኛ ነው። እዚህ ከተማ ሐበሻ ሴት ሲያዩ መጀመሪያ የሚመጣላቸው እሱ ነው። ሥራው ነውር ሆኖ አይደለም፤ ስንቷ ጨዋ በላቧ ታድርበታለች። ግን የወለድኳት ልጅ! ጓደኞቿ ጭራሽ በደስታ ጮኹ፣ «ሸጋላችሁ ከወንድሞቻችን ትበልጣለች! ነገም አምጪያት!» አሉ።

ደሜ ፈላ። እጄ ተነስቶም ነበር። ግን መለስኩት። ለምን መሰላችሁ?

ሰባት ዓመቷ ሳለ ሼክ ዑስማን ገበያ ይዣት ወጥቼ ነበር። እኔ በኒቃብ ተሸፍኛለሁ። ወደ ሳዑዲ በእግሯ የምትጓዝ አንዲት የአገሬ ልጅ፣ ከንፈሯ በጥማት ተሰነጣጥቆ፣ ለልጄ በአማርኛ ሳወራ ሰምታ ተጠጋችኝ። «እህቴ፣ ስለ አላህ ብለሽ፣ ውሃ» አለችኝ። ጨርቅ የሚለካልኝ ነጋዴ ዐይኑን ተክሎብናል። ከእሷ ጋር አንድ ላይ እንዳይቆጥረኝ ፈራሁ። «ማ ፊህምት» አልኳት፣ አልገባኝም ማለት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ግማሽ ጠርሙስ ውሃ ነበር። ልጄ ቀና ብላ «ውሃ እኮ ነው ያለችሽ» አለች። «ዝም በይ!» ብዬ እየጎተትኳት ሄድኩ።

ታዲያ ምን አፍ አለኝ? የእጄን ነው ያገኘሁት። እሷን ብቀጣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።

ለአባቷም አልነገርኩ፤ ቢሰማ ቀበቶውን ነው የሚፈታው። ሸጋላ ሆኜ መጫወቴን ቀጠልኩ። «አንቺ ሸጋላ፣ ሽፋን ስጪን!» ይሉኛል፤ እሰጣለሁ። አልጫወትም ብል ልጄ አጠገቤ የምትቀመጥበት ምክንያት የለም። መጽሐፍ ስከፍት ራሷን ያማታል፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ገጽ አብረን አላነበብንም። ከሐምሳ ሰው ጥይት አስጥያታለሁ፤ ከእኔ እፍረት ግን የማስጥልበት ዘዴ አጣሁ።

ባለፈው ወር ልጆቹ ቤታችን መጡ። ጠዋት አዲሱን ቀሚሴን ስለብስ ልጄ በሩ ላይ ቆማ «እማ፣ የቤቱን ብትለብሺ ይሻላል፣ ይሞቃል» አለችኝ። ይሞቃል! ዐደን መቼ ነው የማይሞቀው? ገባኝ። የቤቱን ለበስኩ። እኔ ሞኟ፣ ዐይኔን ስታይ ትናገራለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

በወተት የፈላ ሻሂ ይዤ ስገባ አንደኛዋ መስኮቱ ላይ ያለውን መጽሐፌን ታገላብጣለች። «ይሄ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው?» አለች። «የእሷ ነው፣ እኔ አላውቀውም» አለች ልጄ። ሁለተኛዋ፣ ክፋት የሌላት ጨዋ ልጅ፣ ብርጭቆዋን አመስግና ተቀበለችኝና «እዚህ ቤት ስንት ዓመት ሠራሽ?» አለችኝ።

ልጄ መሬት መሬት አየች።

«አሥራ አራት ዓመት ከሦስት ወር» አልኩ።

«ማሻአላህ! የእኛዎቹ እኮ ዓመትም አይቆዩም» አለች። ልጄ ቁጥሩን ታውቀዋለች፤ ረጀብ ወር ላይ ነው አሥራ አራት የሞላት። ትሪዬን ይዤ ወጣሁ። ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆሜ፣ አሁን ትነግራቸዋለች፣ አሁን «እናቴ ናት» ትላለች እያልኩ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ስለ ፈተና አወሩ። ሳቁ። ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ አጠበች። አጥባ አታውቅም። እኔም መጽሐፌን ይዤ አንዱን መስመር ደጋግሜ አነበብኩ። ጥቂት ቆይቶ ልጆቹ ቤታቸው ገብተው ኖሮ ጌሙ ላይ ስማቸው በራ። ልጄ ስልኳን ይዛ መጥታ ጉልበቷን ከጉልበቴ አስጠግታ ተቀመጠች።

«እማ!» አለች ጮክ ብላ፣ ልክ እንደ ድሮው።

ልቤ ቀልጦ ሊፈስ ነበር። ሰሟት! አልኩ በሆዴ። ወደ ስልኳ አየሁ። የማይኩ ምልክት ላይ ቀዩ ሰረዝ አለ፤ ዘግታው ነው የጠራችኝ።

እናት ልጇ ስትጠራት «ወይ» ነው የምትለው። እኔ «አቤት» አልኳት።