ኳስ ተጫዋቹና የጾም ሙዜ

እንደ ፈረንጆቹ በዘጠናዎቹ ሲያትል ውስጥ ታክሲ ስነዳ ነው። አንድ ቀን ከሲታክ ኤርፖርት አንድ ጥቁር ሽማግሌ ፒክ አደረግኩ። እንግሊዝ አገር ፕሮፌሽናል ኳስ ተጫዋች እንደነበሩ፣ በክለባቸውም ከሳቸው ሌላ ጥቁር እንዳልነበረ ሲነግሩኝ ደስታ ፈነቀለኝ። እንዲህ ያለ እንግዳ ባዶ አፉን ይሸኛል? ጾም ስለነበር ያለኝ ምሳ ሙዝ ብቻ ነው። ግማሹን ልጬ ወደ ኋላ ዘረጋሁላቸው።

ፊታቸው ጭፍግግ አለ። "ኖ፣ ታንክ ዩ" አሉ።

እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ ይሉኝታ እንጂ እምቢታ ነው እንዴ? "ኧረ ይብሉ!" አልኩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "በሞቴ"ን እንደምንም ወደ እንግሊዝኛ መልሼ "ካልበሉልኝ ልሙት!" አልኳቸው፤ በአንድ እጄ እየነዳሁ፣ በሌላው ሙዙን አፍንጫቸው ሥር ደቅኜ።

"ሜዳ ስገባ ተመልካቹ ጥቁር ነህ ብሎ የሚወረውርብኝ ይህንኑ ነበር" አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! እጄን ልሰበስብ ስል ግን ሙዙን ነጥቀው በሁለት ጉርሻ ጨረሱት።

ሆቴላቸው ደርሰን ከወረዱ በኋላ፣ ልጣጩ በመስኮት ገብቶ ግንባሬ ላይ ተለጠፈ።

"ይቅርታ" አሉ ሽማግሌው በሳቅ እየተንፈራፈሩ፣ "ስንቱ ሲወረውርብኝ ኖሮ፣ እኔም አንዴ ወርውሬ ልየው ብዬ ነው።"